የእትዬ ወርቅነሽ ሦስት ዓምዶች

በዚያ ረቡዕ ጠዋት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር በሚገኘው የአፕል ገበያ ማኅበራችን ጽሕፈት ቤት የነበርነው ስድስት ሰዎች ነን። ከበሩ በስተግራ ልጀምር። መጀመሪያ ሊቀመንበሩ አቶ ታደለ፤ ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ሰቅለውት ነበር። ቀጥሎ ሥራ አስኪያጁ አቶ ሲሳይ። ከዚያ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጸሐፊያችን አዜብ። በመስኮቱ በኩል የጨንቻ አፕል አምራቾች ተወካይ አቶ አንጁሎ፤ ከደጋ የወረዱት ያን ዕለት ስለነበር ሙቀቱ አስጨንቋቸው ባርኔጣቸውን ያራግቡ ነበር። ከኮምፒውተሩ አጠገብ እኔ። ስድስተኛዋ ሰው እትዬ ወርቅነሽ ነበሩ። ወንበር ነበር፤ አልተቀመጡም።

ባለፈው ሳምንት አዜብ ደወለችልኝና "እትዬ ወርቅነሽ ዐረፉ" አለችኝ። ከተቀበሩ ዘጠኝ ቀን ሆኗቸው ነበር። ለምን ቶሎ እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት "የሰማህ መስሎኝ" አለች። አልተቆጣኋትም፤ ለመቆጣት መብት የለኝም። እሳቸው ቢሰሙ ግን "መስሎኝ" የሚለውን ቃል ዝም ብለው አያሳልፉትም ነበር።

እትዬ ወርቅነሽ ወደ ማኅበራችን ከመምጣታቸው በፊት ለብዙ ዓመታት በጨንቻ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበሩ። ሞባይል ያልነበረበትን ጊዜ የማያስታውስ አንባቢ ሊኖር ይችላልና ላስረዳ። አዲስ አበባ ያለ ልጅ ገጠር ያለች እናቱን በስልክ ማነጋገር ሲፈልግ አስቀድሞ ጥሪ ያስመዘግባል። ኦፕሬተሯ የጥሪ ወረቀት ትጽፋለች፤ "የእገሌ እናት ሐሙስ በአራት ሰዓት ስልክ ቤት ይምጡ" የሚል። ወረቀቱ በመልእክተኛ፣ መልእክተኛ ከጠፋም ወደዚያ ቀበሌ በሚመለስ ገበያተኛ እጅ ይላካል። ወረቀቱ መንገድ ላይ ከቀረ ልጁ ሐሙስ በአራት ሰዓት ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ቢጠብቅም ማንም አይመጣለትም።

"ስንቱ ሰው የእናቱ ቀብር ቀርቶበታል መሰለህ" አሉኝ አንድ ቀን። "ወረቀት ኪሱ ውስጥ ረስቶ በሚያድር ሰው ምክንያት።"

ለዚህ ሲሉ በራሳቸው ፈቃድ አንድ ደብተር ከፈቱ። በማስመሪያ ሦስት ዓምድ አሰመሩበት። የመጀመሪያው "ወጣ"፣ ሁለተኛው "ማን እጅ"፣ ሦስተኛው "ደረሰ" ይላል። ሦስተኛው የሚሞላው ባለቤቱ ራሱ ወረቀቱን ማግኘቱ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። አለቃቸው "ይሄ ሥራ ማብዛት ነው" ብሏቸው ነበር አሉ። እሳቸው ግን ስልክ ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ ይዘውት ቆዩ፤ ከተዘጋ በኋላም ደብተሩን ይዘው ወደ አርባ ምንጭ ወረዱ። እርሳሳቸውን ሻሻቸው ውስጥ ሰክተው መሄድ ልማዳቸው ነበር። ሲያስቡ ያወጡትና ባልተቀረጸው ጫፉ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋሉ። ከዚያ የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "አሁን ማን እጅ ነው?"

እኔ ፕሮግራም መጻፍ የተማርኩት ብቻዬን ነው። ዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ ካለ ኢንተርኔት ቤት እየተቀመጥኩ፣ ፎቶ ኮፒ የተደረገ መጽሐፍ እየገለጥኩ። ማኅበሩ የቀጠረኝ በ2000ዎቹ አጋማሽ፣ ሞባይል ወደ ደጋው ቀበሌዎች መግባት በጀመረበት ሰሞን ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል። አፕሉን የሚወስደው የጭነት መኪና ከአዲስ አበባ የሚመጣበትን ቀን ለአምራቾቹ በአጭር መልእክት ማሳወቅ። ቀኑ ከተቀየረም መቀየሩን ማሳወቅ። መልእክቱን በቀጥታ ወደ ስልኮቹ የምንልከው እኛ አይደለንም። አዲስ አበባ ያለ አንድ መልእክት አስተላላፊ ድርጅት አለ፤ የእኔ ፕሮግራም በኢንተርኔት ለእሱ ይሰጣል፣ እሱ ወደ ስልኮቹ ያደርሳል።

እትዬ ወርቅነሽ የስልክ ቁጥሮቹ መዝገብ ኃላፊ ነበሩ። የማን ስልክ ከወንድሙ ጋር በጋራ እንደሆነ፣ ማን ባትሪ የሚሞላው በገበያ ቀን ብቻ እንደሆነ፣ ማን ማንበብ ስለማይችል ለልጁ እንደሚያስነብብ በቃላቸው ያውቃሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ከጀርባዬ መጥተው ቆሙ።

"አንተ ልጅ፣ ለማን ነው የምትሰጠው መልእክቱን?"

"አዲስ አበባ ላለ ድርጅት ነው፣ እትዬ።"

"ገበያተኛ በለኛ።"

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

"ገበያተኛው ወረቀቱን ሲቀበልህ ምን ይልሃል?"

"'ተቀብያለሁ' ይልና ቁጥር ይሰጠኛል።"

"ጨዋ ገበያተኛ ነው። የእኔዎቹ ቁጥርም አይሰጡ፤ ወረቀቱን ይዘው አረቄ ቤት ነው የሚገቡት።" እርሳሱን አወጡ። መታ፣ መታ። "እሺ፣ አሁን ማን እጅ ነው?"

"በድርጅቱ እጅ።"

"በል እንዲሁ ብለህ ጻፍ። ደረሰ ብለህ እንዳትጽፍ።"

ነገሩ የገባኝ መስሎኝ ነበር። (ይኸው እኔም "መስሎኝ" አልኩ።)

በክረምቱ መጀመሪያ ላይ ኢንተርኔቱ ይቆራረጥ ጀመር። ፕሮግራሜ መልእክት ይሰጣል፤ ድርጅቱ "ተቀብያለሁ" ሳይል መስመሩ ይቋረጣል፤ ፕሮግራሜ ያልሄደ ስለሚመስለው እንደገና ይሰጣል። እንደገና። እንደገና። በማግስቱ አቶ አንጁሎ ደወሉ። ድምፃቸው ትልቅ ስለሆነ ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁሉ ሰማን።

"ምነው ጃል! አራት መኪና ነው እንዴ የምትልኩት? አራት ጊዜ ጽፋችሁ ሰው ሁሉ ያልበሰለውን ጭምር ለቅሞ ቁጭ ብሏል!"

አዜብ ሳቋን ለመደበቅ ጠረጴዛ ሥር ጎንበስ አለች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እትዬ ወርቅነሽ ቆጮ በዳጣ እየበሉ ነበር፤ አፋቸውን ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ።

"መልእክተኛው ሳይመለስ ሲቀርብኝ እኔም ሁለተኛ ሰው እልክ ነበር" አሉ። "መላኩ ልክ ነው። ግን ሁለተኛው ወረቀት ላይ የመጀመሪያውን ወረቀት ቁጥር ነው የምጽፈው። ሰውየው ሁለቱም ከደረሱት አንድ ቁጥር አይቶ አንድ ጉዳይ መሆኑን ያውቃል። አንተ በየጊዜው አዲስ ቁጥር እየሰጠህ አዲስ ጉዳይ አደረግኸው።"

የድርጅቱን መመሪያ እንደገና ገለጥኩ። ላኪው የራሱን መለያ ቁጥር ከመልእክቱ ጋር የሚሰጥበት ቦታ ነበረው፤ ያው ቁጥር ሁለተኛ ከመጣ ድርጅቱ ደግሞ አይልከውም። ሳነበው እንደማይጠቅም ቆጥሬ አልፌው ነበር። ለእያንዳንዱ መልእክት ከመላኩ በፊት የራሳችንን ቁጥር ሰጠሁት። ሌላም አሉኝ፦ "በር ሳይከፈትልህ ሲቀር እያከታተልክ አትደብድብ። ትንሽ ቆይ፤ ቀጥሎ ከዚያ እጥፍ ቆይ፤ አምስት ጊዜ እንቢ ካለ ለሰው አስረክብ።" እንዳሉት አደረግሁ። አምስት ጊዜ ተሞክሮ ያልሄደ መልእክት በየጠዋቱ "የቀሩ" በሚል ወረቀት ታትሞ እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ እሳቸው ደግሞ እየደወሉ በአፍ ይነግራሉ።

አንድ ቀን መልእክት በመላክ ላይ እያለሁ መብራት ሄደ። ሲመለስ ማን ጋ እንደሄደ፣ ማን ጋ እንዳልሄደ ማወቅ አልቻልኩም።

"ሳትጽፍ ላክህ?" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፕሮግራሜ መጀመሪያ ይመዘግባል፣ ከዚያ ይልካል።

ዛሬ ይህን ሥራ ከእኔ በኋላ ለሚጀምሩ ልጆች ሳስተምር የምላቸው ሁሉ የእሳቸው ነው። እሳቸው ግን የኮምፒውተር ማውስ እንኳ ነክተው አያውቁም።

ሦስተኛውን ዓምድ ግን አልሠራሁትም። አሁን የምጽፈው ስለ እሱ ነው።

ድርጅቱ መልእክቱ ስልኩ ላይ ሲያርፍ መልሶ ሊያሳውቀን ይችል ነበር። ይህን ለመስማት በእኛ በኩል ሁልጊዜ ክፍት የሆነ በር ያስፈልጋል፤ የእኛ ኮምፒውተር ደግሞ መብራት በሄደ ቁጥር ይጠፋል። ሌላ መንገድ ነበረ፤ ፕሮግራሜ ራሱ በየጊዜው ሄዶ "የዚህ ቁጥር መልእክት ደረሰ ወይ?" እያለ መጠየቅ ይችላል። የሦስት ቀን ሥራ ነው። አቶ ሲሳይ ግን የቦርዱ አባላት ስለሚመጡ ሦስቱ ዓምዶች ያሉት የፕሮግራሙ ሠንጠረዥ ሙሉ ሆኖ እንዲታይ ፈለጉ። እኔም ድርጅቱ "ተቀብያለሁ" ሲል "ደረሰ" የሚለው ዓምድ እንዲሞላ አደረግሁ። ኮዱ ውስጥ ከጎኑ "ለጊዜው" ብዬ ጻፍኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ያቺ ቃል ሰባት ወር ተቀመጠች።

በእነዚያ ወራት "የቀሩ" የሚለው ወረቀት እያጠረ ሄደ። እትዬ ወርቅነሽ ግን አላመኑትም። በየቀኑ "ደረሰ" ከተባሉት መካከል ጥቂት ሰው እየመረጡ ይደውሉ ነበር። አቶ ሲሳይ ይህን አልወደዱትም።

"ወይዘሮ ወርቅነሽ፣ ደረሰው የተባለን ሰው ደግሞ እየደወሉ ለምን ያስቸግሩታል?"

"ማን ነው ደረሰው ያለው? ሰውየው ነው?"

"ኮምፒውተሩ ነዋ!"

"እኔ የምጠይቀው ሰውየውን ነው።"

አቶ ሲሳይ በዚያ ሳምንት መደወል የሚቻለው "የቀሩ" ወረቀት ላይ ላሉት ብቻ መሆኑን በጽሑፍ አዘዙ። ትእዛዙን የተየብኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ከዚያ ረቡዕ በፊት ወደነበረው ሰኞ ልምጣ። የጭነት መኪናው ሶዶ ላይ ተበላሽቶ ማክሰኞ እንደማይደርስ ሾፌሩ ደውሎ ነገረን። ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት "ማክሰኞ መኪና አይመጣም፤ አፕል እንዳትለቅሙ" የሚለውን መልእክት ለሁሉም አምራቾች ላክሁ። ድርጅቱ ሁሉንም "ተቀብያለሁ" አለ። "የቀሩ" ወረቀት ባዶ ሆኖ ታተመ።

እትዬ ወርቅነሽ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን ጭምር አዩት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዱ። ከሲቀላ ቀና ሲሉ የጨንቻ ተራራ ይታያል፤ ያን ቀን ጫፉ በጥቁር ደመና ተሸፍኖ ነበር። እኛ ጋ ፀሐይ ነበረች።

"ምትኩ" አሉኝ። በስሜ እምብዛም አይጠሩኝም። "እዚያ ላይ ይሄ ሁሉ ዝናብ እያለ አንድም ሰው አልቀረም?"

"ሁሉም ደርሷል፣ እትዬ።"

"ማን እጅ?"

አሁንም ድረስ ያ ጥያቄ በጆሮዬ አለ። "በድርጅቱ እጅ" ማለት ይበቃ ነበር። ሁለት ቃል ነው። ያን ብል ኖሮ ትእዛዙን ጥሰው ስልኩን ያነሡ ነበር፤ እስከ ማታ ለሁሉም ደውለው ይጨርሱ ነበር። እኔ ግን ሠንጠረዡ ላይ ያለውን አየሁ።

"ስልካቸው ላይ" አልኩ።

ቦርሳቸውን አንሥተው ወደ ቤት ሄዱ። በዚያ ዓመት ሳይደውሉ የሄዱት ያን ቀን ብቻ ነው።

ማክሰኞ የሆነውን የሰማሁት ከአቶ አንጁሎ ነው። ሰዉ ንጋት ላይ ተነሥቶ ለቅሟል። በፈረስም በጀርባም ተሸክሞ ወደ መሰብሰቢያው ወርዷል። ዝናቡ በረዶ ቀላቀለ። እስከ ስምንት ሰዓት ቆመው ጠበቁ። ሲመለሱ አንዲት ሴትዮ ጭቃው ላይ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ፤ ቅርጫቷም ቁልቁል ተንከባለለ። ከተሸከሙት አብዛኛው በበረዶ ስለተመታ ማንም የማይወስደው ሆነ።

በማግስቱ ረቡዕ ጠዋት ነው እንግዲህ ስድስታችን የተሰበሰብነው።

"ይኸው ስልኬ!" አሉ አቶ አንጁሎ። "ፈልጉ! የት አለ መልእክት?"

አቶ ሲሳይ ሠንጠረዡን ዘርግተው ስማቸውን አሳዩ። ደረሰ ይላል። ከዚያ አቶ ሲሳይ ያሉትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፦ "መልእክቱ ከደረሰ፣ እሳቸው ጋ ደግሞ ካልደረሰ፣ የደረሰው ሌላ ቁጥር ላይ ነው። ቁጥሮቹን የሚይዙት ማን ናቸው?"

ሁሉም ወደ እትዬ ወርቅነሽ ዞሩ።

"ቁጥሬ ልክ ነው" አሉ እሳቸው። ድምፃቸው አልጨመረም። "በዚሁ ቁጥር ስንት ጊዜ ደውዬላቸው አንሥተዋል።"

"የእኔ ልክ ይሆናል" አሉ አቶ አንጁሎ ራሳቸውን እየነቀነቁ። "የሌላው ሰውስ?"

"የመልእክቱን ነገር የሚያውቀው ልጁ ነው። እሱ ይንገራችሁ።"

አምስቱም አዩኝ። በዚያች ደቂቃ "ለጊዜው" የምትለዋ ቃል ከነ መስመር ቁጥሯ ፊቴ ተደቅና ነበር። አፌን ከፈትኩ።

"ፕሮግራሙ ደርሷል ይላል" አልኩ።

ከቃሉ አንዱም ሐሰት አልነበረም።

እትዬ ወርቅነሽ እርሳሳቸውን ከሻሻቸው አወጡ። የሚመቱ መሰለኝ። አልመቱም፤ የቁጥሮቹ መዝገብ ላይ አስቀመጡት። "እሺ" ብለው ወጡ። በማግስቱም በቀጣዩ ሰኞም አልመጡም። አዜብ ቤታቸው ሄዳ "ወደ ጨንቻ ልመለስ ነው በያቸው" እንዳሏት ነገረችን። ቃለ ጉባኤው ላይ "ችግሩ የተፈጠረው በስልክ ቁጥር መዝገብ አያያዝ ጉድለት መሆኑ ታምኖበታል" ተብሎ ተጻፈ። እኔም ፈረምኩ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ድርጅቱ ለጥያቄዬ መልስ ላከ። የሰኞው መልእክቶች እዚያው በወረፋ ላይ እንዳሉ ጊዜያቸው አልፎ ተሰርዘዋል። አንዱም አልወጣም። ያን ሳምንት ሦስተኛውን ዓምድ በትክክል ሠራሁት፤ ሦስት ቀን ነው የፈጀው። "ለጊዜው" የምትለዋን ቃል አጠፋሁ። አቶ ሲሳይ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ሲጠይቁኝ "ትንሽ ማሻሻያ" አልኳቸው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጨንቻ ገበያ ውስጥ አገኘኋቸው። ጉም ነበር፤ መጀመሪያ ያወቅኳቸው በድምፃቸው ነው። ጉንጬን ሳሙኝ። ከስተዋል። እርሳስ ግን ሻሻቸው ውስጥ አለ።

"ያ ነገርህ አሁን ሦስተኛውን ይጽፋል?" አሉኝ።

"ይጽፋል፣ እትዬ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

ቀኑን አውቀው ነበር። ቀኑን ብናገር ነገሩ ሁሉ ይነገር ነበር፤ እሳቸው ሒሳቡን ለመሥራት ከአፍታ በላይ አይፈጅባቸውም። "ከቆየ" አልኩ። ከቅርጫታቸው አንድ አፕል መርጠው በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ሰጡኝና "ብላ፣ ከስተሃል" አሉ። የከሱት እሳቸው ነበሩ።

አምና አንድ ቀን ሁሉንም በስልኬ ጻፍኩት። ረጅም ነበር። የነበረኝ ቁጥራቸው በመዝገባችን ውስጥ ያለው የድሮው ነው። ላክሁት። ስልኬ "ተልኳል" አለኝ። "ደርሷል" የሚለው አልመጣም። ሌላውን "ቆይተህ ደግመህ ሞክር፣ እንቢ ካለህ ለሰው አስረክብ" እያልኩ የማስተምር ሰው፣ አንድ ጊዜ ልኬ ተቀመጥኩ። አልደወልኩም። አዜብን አልላክሁም። ጨንቻ አንድ ሰዓት የሚፈጅ መንገድ ነው፤ አልወጣሁም።

አሁን ይህን የምጽፈው በዚያ ክፍል ለነበራችሁ ነው። አቶ ታደለ፣ አቶ ሲሳይ፣ ቁጥሮቹ ትክክል ነበሩ። ሁሉም። ጉድለቱ የእኔ ነው። አዜብ፣ ያ ቃለ ጉባኤ አሁንም ካለ ይህን ጽሑፍ ከጎኑ አያይዢው። የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ፤ ማን የት እንደተቀመጠ፣ ማን ምን እንዳለ፣ እሳቸው ሲወጡ "እሺ" ብቻ ነበር ያሉት ወይስ እኔ ያልሰማሁት ሌላ ቃል ነበር?

አቶ አንጁሎ፣ እርስዎ ጎረቤታቸው ነበሩ። አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። ስልካቸው ልጃቸው እጅ እንዳለ ሰምቻለሁ። ከእኔ የመጣ ረጅም መልእክት እዚያ ውስጥ አለ ወይ? ተከፍቷል ወይ? ወይም ከእናንተ መካከል አንዳችሁ ጥፋቱ የእሳቸው እንዳልነበረ ገምቶ በአፍ ነግሯቸው ከሆነ፣ መቼ እንደሆነ ንገሩኝ። ካልደረሳቸውም አልደረሳቸውም በሉኝ፤ "የቀሩ" ወረቀት ላይ እጽፈዋለሁ። ደረሰ ብዬ ግን ሁለተኛ አልጽፍም።